የብልጭታው ጊዜ፤ አሮጌ የጀልባ ሞተርን በልክ ስለ ማስተካከል

በየብስ የሚሄድ አውቶሞቢል በመንገድ ላይ ቢበላሽ ከቆመበት ስፍራ ወዲያና ወዲህ አይልም፤ ባለቤቱም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ረዳት እስኪመጣለት ሊጠብቅ ይችላል። በውኃ ላይ የሚሄድ ጀልባ ግን ሞተሩ ሲጠፋ ጕዞው አብሮ አይቆምም፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነጂው ነፋስ ይሆናል፥ መድረሻውንም የሚመርጠው እርሱ ነው።

ጣናን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ጠዋት እንደ መስተዋት ጸጥ ብሎ የታየው ውኃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት መልኩን ይለውጣል። ከደንገል የሚሠራው ጥንታዊው ታንኳ ዛሬም በዳር በዳሩ ቢሄድም፥ ወደ ደቅ ደሴት፥ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና ወደ ናርጋ ሥላሴ የሚወስደው ረጅም መንገድ የሞተር ጀልባ መንገድ ሆኗል። ለንግሥ የሚሄደው ቤተ ሰብ፥ የዘጌን ቡና ወደ ገበያ የሚያደርሰው ነጋዴ፥ የታመመ ልጁን ይዞ ወደ ባሕር ዳር የሚቸኵለው አባት፥ ሁሉም ተስፋቸውን የሚጥሉት በአንዲት የማስነሻ ገመድ ላይ ነው። ገመዷ ስትሳብ ሞተሩ የሚነሣው፥ ተነሥቶም ኃይል የሚሰጠው፥ ከሌላው ነገር ሁሉ ጋር ብልጭታው በጊዜው ሲደርስ ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በአሮጌ የጀልባ ሞተር ላይ የብልጭታው ጊዜ እንዴት እንደሚወሰንና እንዴት እንደሚስተካከል ለአንባብያን እንገልጻለን። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ይህ ጊዜ በጆሮ የሚገመት አለመሆኑ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር በምታህል ክፍተትና ከጣት ጥፍር በማትበልጥ ሽብልቅ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፥ የሚገኘው በመለካት ብቻ ነው።

ስለ ሞተሮቹ ጥቂት ታሪክ

ከጀልባ ኋላ የሚሰቀለውን ሞተር ለሕዝብ ገበያ ካበቁት ሰዎች መካከል ስሙ እጅግ የታወቀው ኦሌ ኤቪንሩድ ነው። እርሱም በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ አገር በሚልዋኪ ከተማ የሠራ የእጅ ጥበብ ሰው ሲሆን፥ ሞተሩን መሸጥ የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1909 ዓ.ም. ነው። ከእርሱም በኋላ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጆንሰን የተባሉት ወንድማማቾች በዚሁ ሥራ ተሰለፉ። በ1936 ዓ.ም. ሁለቱ ስሞች በአንድ ኩባንያ ሥር ተጠቃለሉ። ያ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ከሰረ፤ ስሙን ገዝቶ ሥራውን የቀጠለውም ድርጅት የኤቪንሩድን ሞተር መሥራት በ2020 ዓ.ም. አቆመ። እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ይሁን እንጂ ፋብሪካው ቢዘጋም ሞተሮቹ አልሞቱም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ ብዙ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ዛሬም በልዩ ልዩ አገር ውኃ ላይ ይሠራሉ፤ ቶሎ የሚያልቁ ዕቃዎቻቸውንም ሌሎች አምራቾች ይሠሩላቸዋል። አዲሶቹ ሞተሮች የብልጭታቸውን ጊዜ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስለሚወስኑ የሰው እጅ አይሹም። አሮጌው ግን ጌታው ካላወቀው የሚያውቅለት የለም።

ብልጭታው ከየት ይመጣል?

በእነዚህ ትንንሽ አሮጌ ሞተሮች ላይ ለብልጭታ የሚያገለግል ባትሪ የለም። ብልጭታውን የሚያስገኘው ማግኔቶ የሚባለው መሣሪያ ነው። በሞተሩ ራስ ላይ፥ ከገመዱ ማስነሻ ሥር፥ ቮላኖ የሚባል ከባድ መንኰራኵር አለ፤ በውስጡም ማግኔት ተቀብሮበታል። ቮላኖው ሲዞር ማግኔቱ ቦቢና በተባለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል አጠገብ ያልፋል፤ በዚያን ጊዜ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህን ሕግ እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1831 ዓ.ም. እንደ ገለጠው በትምህርት ቤት ያሉ ልጆቻችን ይማሩታል።

ዳሩ ግን በዚህ መንገድ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ደካማ ነው፤ ብቻውን በካንዴላው ጫፍ ያለውን ክፍተት ሊዘል አይችልም። ስለዚህ ሠሪዎቹ አንድ ብልሃት አበጁ። ቦቢናው ሁለት ጥቅል አለው፤ አንደኛው ወፍራም ሽቦና ጥቂት ዙር፥ ሁለተኛው እጅግ ቀጭን ሽቦና በብዙ ሺህ የሚቈጠር ዙር ነው። ኤሌክትሪኩ በወፍራሙ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ ሳለ መንገዱ በድንገት ሲቈረጥ፥ በቀጭኑ ሽቦ ላይ ከ10,000 ቮልት በላይ የሆነ ኃይል ይነሣል፤ እርሱም ክፍተቱን ዘሎ ብልጭ ይላል።

መንገዱን የሚቈርጠው ፑንቲና የሚባለው ጥንድ የብረት መነካኪያ ነው። ሁለቱ ብረቶች ሲነካኩ መንገዱ ይዘጋል፥ ኤሌክትሪክም ያልፋል። ከዋናው ዘንግ ጋር የሚዞረው ባለ ጕብታ ቀለበት አንደኛውን ብረት ገፍቶ ከጓደኛው ሲለየው መንገዱ ይቈረጣል። በአጠገባቸው ያለው ኮንደንሰር የተባለው ትንሽ ዕቃ ደግሞ ብረቶቹ በሚለያዩበት ቅጽበት በመካከላቸው እሳት ተነሥቶ እንዳያቃጥላቸው ይጠብቃቸዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል፤ ብልጭታው የሚወለደው ፑንቲናው ሲነካካ ሳይሆን ሲለያይ ነው። ፑንቲናው የሚለያይበትም ቅጽበት በክፍተቱ ልክ ይወሰናል። ክፍተቱ ከልክ በላይ ሲሰፋ ጕብታው ፑንቲናውን ቀድሞ ያገኘዋልና ብልጭታው ይቀድማል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ጕብታው ዘግይቶ ያገኘዋልና ብልጭታው ይዘገያል። በነዚህ ሞተሮች ላይ ክፍተቱን ማስተካከልና ጊዜውን ማስተካከል ሁለት ሥራ ሳይሆን አንድ ሥራ የሆነው ስለዚህ ነው።

ብልጭታው ስለ ምን ይቀድማል?

ሞተሩ በደቂቃ 4,500 ጊዜ ይዞራል እንበል። ይህ በሰከንድ 75 ዙር ነው። አንድ ዙር 360 ዲግሪ ስለ ሆነ፥ ዘንጉ በአንድ ሰከንድ 27,000 ዲግሪ፥ በሰከንድ አንድ ሺህኛ ደግሞ 27 ዲግሪ ይዞራል ማለት ነው። ቤንዚንና አየር የተቀላቀሉበት ጋዝ ብልጭታ እንደ ነካው ሁሉም በአንድ ጊዜ አይነድም፤ እሳቱ ከካንዴላው ተነሥቶ ክፍሉን እስኪያዳርስ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ፒስቶኑ ወደ ጫፍ እስኪደርስ ቢጠበቅ፥ እሳቱ በሙሉ ኃይሉ በሚነሣበት ጊዜ ፒስቶኑ ርቆ ወርዷል፤ ግፊቱም በከንቱ ይቀራል። ብልጭታው ቀደም ብሎ ሊነሣ የሚገባው ለዚህ ነው።

ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፥ ይልቁንም በገመድ ሲነሣ፥ ይህን ያህል መቅደም አያስፈልግም። ስለዚህ ፑንቲናውና ቦቢናው የተቀመጡበት ሰሌዳ በቮላኖው ሥር እንዲዞር ተደርጎ ተሠርቷል። ነጂው የቤንዚኑን እጀታ ሲከፍት ሰሌዳው ዞሮ ብልጭታውን ያስቀድማል፤ በዚያው ጊዜ ከሰሌዳው ጋር የተያያዘው ማንሻ የካርቡራተሩን በር ይከፍታል። ከበሮና ጸናጽል ተስማምተው ሲመቱ ዜማው እንደሚሠምር፥ ብልጭታና ቤንዚንም አብረው ሲሄዱ የሞተሩ ድምፅ ይሠምራል።

ከጊዜው የወጣ ብልጭታ የሚያደርሰው ጕዳት

ብልጭታው ከልክ በላይ ሲዘገይ ሞተሩ ይሰንፋል፤ ቤንዚን ይበላል፥ ነገር ግን ጀልባውን አይገፋም፤ ጭስ ማውጫውም ያለ ልክ ይግላል። ይህ ሁሉ ኪሳራ ቢሆንም በቶሎ ይታወቃል።

ከልክ በላይ ሲቀድም ግን ነገሩ የከፋ ነው። እሳቱ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ያለውን ፒስቶን ይቃወመዋል። በማስነሻ ጊዜ ገመዱ ወደ ኋላ ተመልሶ የሳቢውን እጅ ይጎዳል። በሙሉ ኃይል ሲሄድም የፒስቶኑ ራስ ከመጠን በላይ ይግላል፤ በመጨረሻ ሊነደልም ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስበው፥ ጥቂት የቀደመ ብልጭታ ሞተሩን ለጊዜው ፈጣንና ጕልበተኛ ሊያስመስለው መቻሉ ነው። ጆሮውን ብቻ የሚያምን ሠራተኛ በዚህ ይታለላል፤ «አሁን ሰመረ» ብሎ ይከድነዋል፤ ፒስቶኑ የሚነደለው ግን በሠራተኛው ደጅ ሳይሆን በሐይቁ መካከል ነው።

ከሥራው በፊት

ሞተር አልነሣም ባለ ጊዜ ሁሉ ጥፋቱ የብልጭታ ጊዜ አይደለም። አስቀድሞ ካንዴላውን አውጥቶ ማየት፥ ቤንዚኑ ውኃ እንዳልገባበት መመርመር፥ ካርቡራተሩ እንዳልቈሸሸ ማረጋገጥ ይገባል። የብልጭታውን ብርታት ለመፈተን የካንዴላውን ሽቦ ጫፍ ከሞተሩ ብረት 6 ሚሊ ሜትር ያህል አርቆ ገመዱን መሳብ ነው፤ ብልጭታው ይህን ክፍተት በደንብ ከዘለለ ማግኔቶው በሕይወት አለ። ካልዘለለ ቦቢናውን ማየት ይገባል፤ በ1950ዎቹ የተሠሩት ቦቢናዎች ሽፋናቸው በእርጅና እየተሰነጠቀ ኤሌክትሪክ ያፈሳሉና። ይህን ፈተና የሚያደርግ ሰው የቤንዚኑን ታንክ ከአጠገቡ ያርቅ፤ ሽቦውንም በባዶ እጁ አይያዝ።

የሥራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፥ ሞተሩ ከጀልባው ወርዶ በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይታሰር። የቤንዚኑ ቧንቧ ይነቀል። ካንዴላዎቹ ወጥተው ሽቦዎቻቸው ከሞተሩ ብረት ጋር ይያያዙ። ልጆች ከዚያ ስፍራ ይራቁ።

ሁለተኛ፥ የገመዱ ማስነሻ ከተነሣ በኋላ የቮላኖው ዳዶ ይፈታል። ቮላኖው በሾጣጣ ዘንግ ላይ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ በእጅ አይወጣም። በላዩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ባለ ጥርስ ቀዳዳዎች አሉ፤ ማውጫ መሣሪያው በእነርሱ ታስሮ በመካከለኛው ቡሎን ይገፋል። ጠርዙን በመዶሻ መምታት ወይም በካቻቢቴ መፈንቀል ቮላኖውን ይሰብራል፥ ዘንጉንም ያጣምማል።

ሦስተኛ፥ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘዋ ትንሽ ሽብልቅ ትመርመር። ማግኔቱና ጕብታው በጊዜያቸው እንዲገናኙ የምታደርገው እርሷ ናት። መንኰራኵሩ በድንጋይ ወይም በግንድ ተመትቶ በድንገት ሲቆም፥ ወይም ዳዶው ሳይጠብቅ ሲቀር፥ ሽብልቋ ትቈረጣለች ወይም ትጣመማለች። ጥቂት እንኳ ከተጣመመች ጊዜው ስለሚዛባ ፑንቲናውን አጥርቶ መሥራት ብቻውን አያድንም። በእርሷ ፈንታ ለዚያ ሞተር የተሠራች አዲስ ሽብልቅ ትግባ እንጂ ሚስማር ቈርጦ መክተት አይገባም።

አራተኛ፥ ፑንቲናው ይታይ። ፊቱ ጠቍሮ ወይም ተቦርቡሮ ከተገኘ ከኮንደንሰሩ ጋር አብሮ ይለወጥ። ጥቂት ከቈሸሸ ብቻ በንጹሕና ደረቅ ካርቶን ይወልወል፤ የጣት ቅባት እንኳ ኤሌክትሪክን ስለሚያግድ በእጅ አይነካካ።

አምስተኛ፥ ዘንጉ ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ በቀስታ ይዙር፤ ፑንቲናው በጕብታው ከፍተኛ ስፍራ ላይ ሲደርስ ይቁም። በአብዛኞቹ የጆንሰንና የኤቪንሩድ አሮጌ ትንንሽ ሞተሮች ክፍተቱ 0.5 ሚሊ ሜትር፥ በእንግሊዝ መለኪያ 0.020 ኢንች ነው። ይህ የአምስት ወረቀት ውፍረት ያህል ነው፤ ነገር ግን በወረቀት ሳይሆን ለዚሁ በተሠራው ስስ የብረት መለኪያ ይለካ። መለኪያው ገብቶ ሲሳብ ጥቂት ያዝ የሚያደርገው መሆን አለበት። ማሰሪያው ሲጠብቅ ክፍተቱ ስለሚለወጥ፥ ከጠበቀ በኋላ እንደ ገና ይለካ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረት በዚህ ስፍራ ይሠራል።

ስድስተኛ፥ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሁለት ፑንቲና አለው፤ የሁለቱም ብልጭታ በግማሽ ዙር፥ ማለት በ180 ዲግሪ፥ ይለያያል። ሁለተኛው በዚያው ልክና በዚያው ጥንቃቄ ይሠራ። አንዱ 0.5 ሌላው 0.4 ቢሆን፥ አንዱ ሲሊንደር ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ስለሚነድ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

ሰባተኛ፥ የተሠራው በመብራት ይፈተን። የቦቢናውና የኮንደንሰሩ ሽቦዎች ከፑንቲናው ይነቀሉ፤ አንድ የባትሪ ድንጋይና አንድ ትንሽ አምፑል በፑንቲናው በኩል ይያያዙ። ፑንቲናው ሲነካካ አምፑሉ ይበራል፤ ሲለያይ ይጠፋል። ቮላኖው በዘንጉ ላይ ለጊዜው ተቀምጦ በቀስታ ሲዞር፥ በሰሌዳውና በቮላኖው ላይ የጊዜ ምልክት ባላቸው ሞተሮች፥ አምፑሉ ሊጠፋ የሚገባው ምልክቶቹ በተገናኙበት ስፍራ ላይ ነው። ቀድሞ ከጠፋ ክፍተቱ ጥቂት ይጥበብ፤ ዘግይቶ ከጠፋ ጥቂት ይስፋ። ምልክት የሌለው ሞተር ከሆነ በልብ ግምት አዲስ ምልክት መቅረጽ አይገባም፤ በመጽሐፉ የተጻፈው የክፍተት ልክ ይበቃል።

ስምንተኛ፥ ሽቦዎቹ ወደ ቦታቸው ይመለሱ። ሾጣጣው ዘንግና የቮላኖው ውስጥ ከዘይት ሁሉ ጸድተው በደረቅነታቸው ይጋጠሙ፤ ዳዶውም በሞተሩ መጽሐፍ በተጻፈው ኃይል ይጥበቅ። ከዚያም እጀታው በቀስታ ሲከፈት ሰሌዳውና የካርቡራተሩ በር በምልክታቸው መሠረት አብረው መንቀሳቀሳቸው ይታይ።

ዘጠነኛ፥ ሞተሩ ሲፈተን የታችኛው ክፍሉ በውኃ ውስጥ ይሁን፤ ውኃ የሞላ በርሜልም ይበቃል። በደረቁ ቢነሣ ማቀዝቀዣውን ውኃ የሚስበው የጎማ ክንፍ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል።

ስለ ደጋ አየር

በመጨረሻ በአገራችን ላሉ ባለ ጀልባዎች የሚነገር አንድ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ሞተሩ በአንድ እስትንፋስ የሚስበው አየር ያንሳል፤ ከኃይሉም አምስተኛውን ያህል ያጣል። አየሩ ሲሳሳ የቤንዚኑ ድርሻ ስለሚበዛ ካንዴላውም ቶሎ ይጠቍራል።

ብዙ ሰው ይህን ስንፍና አይቶ የብልጭታው ጊዜ የተዛባ ይመስለዋል፤ የጐደለውንም ኃይል ለመመለስ ብልጭታውን ያስቀድማል። ነገር ግን የጐደለው አየር እንጂ ጊዜ አይደለም። መድኃኒቱ የካርቡራተሩን የቤንዚን ልክ መቀነስና ለጀልባው ጭነት የሚስማማ፥ ጥልፉ ያነሰ መቅዘፊያ ማግጠም ነው። ክፍተቱ ግን 0.5 ከሆነ በባሕርም በደጋም 0.5 ሆኖ ይኑር።

ባለ ጀልባ የሆነ ሁሉ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የለካውን ልክና ቀኑን በደብተር ይጻፍ፤ ልጁ ወይም ረዳቱ ነገ ሲከፍተው ከግምት እንዳይጀምር ነው። የተስተካከለውን ሞተር የመጀመሪያ ቀን ሰው ሳይጭን በዳር በዳር ይሞክር። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያለ እንከን ከሠራ በኋላ ብቻ ወደ መካከል ይውጣ። ለመንገዱም አንድ ትርፍ ካንዴላ፥ አንዲት ትርፍ ሽብልቅ፥ ሁለት የእንጨት መቅዘፊያና ለተሳፋሪው ቍጥር የሚበቃ የዋና ጃኬት ይያዝ። የሚጫኑት እናቶችና ሕፃናት ስለ ማግኔቶም ሆነ ስለ ፑንቲና የሚያውቁት ነገር የለም፤ ገመዱን በሚስበው ሰው አምነው ይሳፈራሉ፤ የተለካውን የሚለካላቸውም እርሱ ብቻ ነው።